ልጁ የአባቱን ካባ ሲለብስ

በኋላ ዘመን የተሠራን ስፖርት መኪና ወደ ቀድሞ መልኩ ስለ መመለስ

አንባቢ ሆይ፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ በፎገራ ሜዳ ላይ ወረታን ያገኛሉ። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሰሜን ወደ ጎንደር ይቀጥላል፥ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ይወጣል። በዚህ መንታ መንገድ ላይ ጥቂት ቆመው የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ቢመለከቱ፥ ሁሉም ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሚሄድ አለመሆኑን ያስተውላሉ። የሩዝ ጆንያ የጫነው አይሱዙ ስፖንዳው የተበየደው እዚሁ አገር ነው። መንገደኛ ሞልቶት ዳገቱን የሚወጣው ቅጥቅጥ አውቶቡስም በትውልዱ የጭነት መኪና ነበር። ያገራችን ሠራተኞች በሻንሲው ላይ የብረት ዐፅም በየዱለት፥ ላሜራ አለበሱት፥ መስኮት ከፈቱለት፥ ወንበር ደረደሩለት፤ ስሙንም ከመዶሻው ሥራ አገኘ።

እንግዲህ የመኪናን ገላ አውልቆ ሌላ ገላ ማልበስ ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም። ብረት መቀጥቀጥማ ለዚህ አካባቢ የቆየ ታሪክ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በኤውሮፓውያን ሠራተኞች ያሠሩት ከወረታ በስተ ምሥራቅ፥ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው። ዛሬም ጋራዥ ገብተው ቢያዳምጡ ሙያው የራሱ ቋንቋ እንዳለው ይሰማሉ። ላሜራ፥ ኮፈን፥ ፓራፋንጎ፥ ፓራውልት፥ ቸርኬ፥ ፍሬቻ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጥተው ያማርኛ ልጆች ከሆኑ ብዙ ዘመናቸው ነው።

ዛሬ የምናጫውትዎ ግን ከቅጥቅጡ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጓዝ ሥራ ነው። ቅጥቅጡ መልኩን የለወጠው አዲስ አገልግሎት ለመስጠት ነው። በሌላው ዓለም ግን በኋለኛው ዘመን የተሠራ ስፖርት መኪና ገዝተው፥ ሞተሩ ደኅና ሳለ፥ ቀለሙም ሳይለቅ፥ ገላውን ፈታተው ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በፊት የነበረውን ያባቱን መልክ የሚያለብሱት ሰዎች አሉ። ብዙ ገንዘብ ይከፍሉበታል፤ ወራትና ዓመታትም ይጠብቁለታል። ምን ፈልገው ነው? ሥራውስ እንዴት ይከናወናል? በአሮጌ መኪና ለምንኖር ለእኛስ ምን ያስተምረናል? እስቲ በየተራው እንመልከተው።

ሦስት ትውልድ በአንድ ቤት

ነገሩን ለመረዳት ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ፖርሼ 911 የሚባለው የጀርመን መኪና ነው። የዘር ሐረጉ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሼ የሚባለው መሐንዲስ በ1930ዎቹ ዓመታት ቮልስዋገንን ነደፈ። በዚህ ጽሑፍ የመኪናዎቹን ዘመን የምንቈጥረው በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉ። ቮልስዋገን ማለት ጀርመኖች ጥንዚዛ የሚሏት፥ እኛ ደግሞ ቮልስ እያልን በአዲስ አበባ ጎዳና የምናውቃት ክብ መኪና ናት። ልጁ ፌሪ ፖርሼ በ1948 ከቮልስዋገን ብዙ ዕቃ ወስዶ የቤተ ሰቡን ስም የያዘውን የመጀመሪያ ስፖርት መኪና፥ 356ን ሠራ። የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ፖርሼ ደግሞ የ911ን መልክ ነደፈ።

መኪናው በ1963 ዓመት በሴፕቴምበር ወር ፍራንክፈርት ከተማ በተደረገው የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ሲቀርብ ስሙ 901 ነበር። የፈረንሳዩ ፔዦ ኩባንያ፥ «በመካከሉ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው» ብሎ ስለ ተቃወመ 911 ተባለ። ሞተሩ እንደ ቮልስዋገን ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ በመጀመሪያ 130 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ከጉልበቱ ይልቅ ግን መልኩ የሰውን ልብ ያዘ። ክብ መብራት፥ እስከ ታች የወረደ ረጅም ኮፈን፥ ቀጭን ብርማ ፓራውልት፥ ከጣሪያው ተነሥቶ እስከ ጭራው ሳይቋረጥ የሚወርድ ጀርባ ነበረው። በ1973 ሞዴል የወጣው ካሬራ አር ኤስ የዚያ ዘመን መደምደሚያ ሆነ። ይኸኛው 2.7 ሊትር ሞተርና 210 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የሞተሩም ክዳን እንደ ዳክዬ ጭራ ወደ ላይ ቀና ያለ ነበር። ለውድድር ፈቃድ ለማግኘት 500 ያህል ብቻ ሊሠራ ታስቦ፥ ፈላጊው በመብዛቱ 1,580 ተሠራ።

መልክን የለወጠ ሕግ

በ1974 ሞዴል ላይ ግን መኪናው ፊቱን ለወጠ። ምክንያቱ የነዳፊው ፈቃድ ሳይሆን የአሜሪካ ሕግ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት፥ አንድ አውቶሞቢል በሰዓት 5 ማይል፥ ማለት 8 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ፍጥነት ቢላተም መብራቱና ሌላው የደኅንነት ዕቃው ሳይጎዳ መትረፍ አለበት ብሎ ደነገገ። ፖርሼም ከፊትና ከኋላ ወፍራም የአሉሚኒየም ፓራውልት አደረገ፤ በግራና በቀኙም እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ጎማ ገባበት። ፓራውልቱ ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ኮፈኑ ማጠር ግድ ሆነበት። ፍሬቻውም ከፓራፋንጎው ላይ ወርዶ ወደ ፓራውልቱ ገባ። ይህ መልክ እስከ 1989 ድረስ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆየ።

ሕጉ የነካው ፖርሼን ብቻ አይደለም። ኤም ጂ ቢ የሚባለው የእንግሊዞች ስፖርት መኪና በ1974 ብርማ ፓራውልቱን ትቶ ጥቁር የላስቲክ አፍንጫ ለበሰ፤ ከመሬትም ከፍ ተደርጎ ተሠራ። የላስቲኩን አፍንጫ አንሥቶ የብረቱን መመለስ ዛሬ በእንግሊዝ አገር የታወቀ የጋራዥ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ፓራውልቱን ብቻ መልሶ ቁመቱን ዝቅ ያላደረገ ሰው፥ ካባ ለብሶ ሱሪው ያጠረበትን ሙሽራ ይመስላል።

ያባት ካባ፥ የልጅ ጉልበት

«አሮጌውን መልክ የወደደ ሰው አሮጌውን መኪና ራሱን ለምን አይገዛም?» ብለው ሳይጠይቁ አይቀሩም። መልሱ ሦስት ነው።

አንደኛው ዋጋ ነው። እውነተኛው የ1973 ካሬራ አር ኤስ በዓለም ገበያ በብዙ መቶ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ከ1974 እስከ 1989 የተሠራው ግን 198,000 ያህል ስለ ነበረ ብዙ ዘመን በርካሽ ይገኝ ነበር።

ሁለተኛው ዝገት ነው። የፎገራ ሰው በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲለብስ፥ ጭቃ የያዘ ብረት ምን እንደሚሆን ያውቃል። በኤውሮፓ ደግሞ በረዶን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ከዚህ ይብሳል። የመጀመሪያዎቹን 911ዎች ወለላቸውንና የጎን ብረታቸውን ዝገት በላቸው። ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ግን ፋብሪካው ገላውን የሚሠራው በዚንክ በተለበጠ ብረት ሆነ። ዚንኩ ከብረቱ በፊት ራሱ እየተበላ ብረቱን ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው አነዳዱ ነው። የ1980ዎቹ መኪና ፍሬኑ ከቀድሞው ይበልጣል፤ ሞተሩም ብርቱ ነው። በ1984 ሞዴል የወጣው ባለ 3.2 ሊትር ካሬራ በኤውሮፓ ሲሸጥ 231 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ይህም ከመጀመሪያው 911 ጉልበት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። እንግዲህ ባለቤቱ የሚፈልገው ያባትን ካባና የልጅን ጉልበት ባንድነት ማግኘት ነው።

መዶሻውና እሳቱ

ይህ ሥራ የሚቻለው በአንድ ምክንያት ነው። 911 አፍንጫውንና ጭራውን ቢለውጥም ጣሪያው፥ በሮቹና መስታወቶቹ ከ1960ዎቹ እስከ 1989 ድረስ ከሞላ ጎደል እንዳሉ ቆይተዋል። ዐፅሙ አንድ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የሚነካው ከበሩ በፊት ያለውንና ከበሩ በኋላ ያለውን ነው።

በመጀመሪያ የፊትና የኋላ ፓራውልት ከነመያዣው ይወልቃል። ቀጥሎ ሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች ይፈታሉ፤ በቡሎን የታሰሩ ስለ ሆኑ መፍታቱ አይከብድም። በምትካቸው ፍሬቻ የሚገባባቸው የቀድሞው ዓይነት ፓራፋንጎዎች ይታሰራሉ። አጭሩ ኮፈን ወርዶ ረጅሙ ይገባል። ነገር ግን የኮፈኑ ጫፍ የሚያርፍበትና ቁልፉ የሚይዝበት የፊት ላሜራ ለአጭሩ ኮፈን የተበጀ ነው፤ ስለዚህ ተቆርጦ በሌላ ይተካል። መፍቻው ተቀምጦ የብየዳው እሳት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ከኋላ ሥራው ይከብዳል። የኋላው ፓራፋንጎ በቡሎን አልታሰረም፤ ከገላው ጋር የተበየደ ነው። የታችኛው ጫፉም ለወፍራሙ ፓራውልት እንዲመች ሆኖ ስለ ተሠራ፥ ቆርጦ በቀድሞው ቅርጽ የተቀጠቀጠ ላሜራ መቀጠል ያስፈልጋል። በሁለቱ የኋላ መብራቶች መካከል የተዘረጋው ቀይ አንጸባራቂም ይነሣል። ከዚያ በኋላ ተራው የጥቃቅኑ ዕቃ ነው። የመብራቱ ቀለበት፥ የበሩ እጀታ፥ የጎኑ መስታወትና የመስኮቱ ዳር ከጥቁርነት ወደ ብርማነት ይመለሳሉ፤ ቸርኬውም እንደ አበባ አምስት ቅጠል ባለው በቀድሞው ዓይነት ይለወጣል።

ብየዳው ትዕግሥት ይፈልጋል። የመኪና ላሜራ ስስ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ ረጅም መስመር ቢበየድ ይሞቅና ይጣመማል። ስለዚህ ደኅና ሠራተኛ እዚህ አንድ ነጥብ፥ እዚያ አንድ ነጥብ እያስያዘ፥ በመካከሉ እያቀዘቀዘ ይሄዳል። ቀለም ከመቀባቱ በፊትም በሮቹንና ኮፈኑን ደጋግሞ ገጥሞ ክፍተታቸውን ይለካል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በዚህ ጊዜ ያልታየ ጉድለት ከቀለም በኋላ ከሩቅ ይታያል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲቆረጥና ሲበየድ ልባሱ በእሳቱ ይጠፋል፤ ጢሱም ለሳንባ መጥፎ ስለ ሆነ ሠራተኛው አፉንና አፍንጫውን ሊሸፍን፥ ሥራውንም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ሊያደርግ ይገባል። የተቆረጠው ጠርዝ ወዲያው ፀረ ዝገት ቀለም ካልተቀባ፥ ሰውዬው መኪናውን የመረጠበትን ዋናውን ምክንያት በገዛ እጁ አጠፋው ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰው በብረቱ ፈንታ የፋይበር ግላስ ፓራፋንጎና ኮፈን ይገጥማል። ይህ ቀላል ነው፤ ዝገትም አይነካውም። ነገር ግን ሲመታ እንደ ብረት እየታጠፈ ኀይሉን በመቀበል ፈንታ ይሰነጠቃል።

ይህን ሥራ በዓለም እጅግ የታወቀ ካደረጉት አንዱ ሮብ ዲኪንሰን በ2009 በካሊፎርኒያ ያቋቋመው ሲንገር የተባለው ድርጅት ነው። እርሱ የሚወስደው ከ1989 እስከ 1994 የተሠራውን 911 ነው። ሞተሩንና ውስጡን እንደገና ሠርቶ፥ አብዛኛውን ገላ ከካርቦን ፋይበር በተሠራ የቀድሞው ዘመን ቅርጽ ይለውጠዋል። መኪናው ግን አዲስ ስም አይወጣለትም፤ የሻንሲ ቁጥሩም የፊተኛው ነው። ይህን ነገር በልብዎ ይያዙልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ባገራችን ያለችው የአክስት ልጅ

«ፖርሼ ባገራችን የት አለና!» ቢሉን እውነት አለዎት። ነገር ግን የአክስቱ ልጅ ቮልስ አለች። ይህች መኪና ባገራችን ታሪክ ውስጥ ሳይቀር ገብታለች፤ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በ2003 የመጨረሻዋ እስክትሠራ ድረስ 21,529,464 ቮልሶች ተሠርተዋል። በአዲስ አበባም ዛሬ ድረስ በፍቅር የሚንከባከቧት፥ በዓል ሲሆን የሚያስጌጧት፥ ለልጆቻቸው የሚያወርሷት ሰዎች አሉ።

የሚያስገርመው፥ በ911 ላይ የደረሰው ለውጥ በቮልስም ላይ ደርሷል። እስከ 1967 ሞዴል ድረስ በብዙ አገር የተሸጠችው ቮልስ መብራቷ ከፓራፋንጎው ጋር ወደ ኋላ ጋደል ያለ፥ ፓራውልቷ ቀጭንና ክብ፥ ኮፈኗ ረጅም ነበር። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፓራውልቱ ወፍሮ ከፍ አለ፤ ኮፈኑም አጠረ። በሌላ በኩል በዚያው ዘመን ገደማ ኤሌክትሪኳ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት አደገ፤ መብራቷም በረታ። ስለዚህ በ1970ዎቹ የተሠራች ቮልስ ያለው ሰው፥ ኤሌክትሪኩን ሳይነካ የ1960ዎቹን ፊት ሊያለብሳት ቢመኝ አይፈረድበትም።

ይህስ ይቻላል? በከፊል በቀላሉ ይቻላል። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች በቡሎን የታሰሩ ናቸው። ጋደል ያለ መብራት ያለውን የፊት ፓራፋንጎ ማሰር የመፍቻ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ሲፈልግ መልሶ ይፈታዋል። ረጅሙን ኮፈን ለመግጠም ግን፥ ልክ እንደ 911፥ ከኮፈኑ በታች ያለው የተበየደ ላሜራ መቆረጥ አለበት። ከ1953 በፊት እንደ ነበረው የኋላ መስታወቱን ለሁለት የተከፈለ ለማድረግ ደግሞ የጀርባውን ብረት ቆርጦ ሌላ መበየድ ይጠይቃል። በ1970ዎቹ የወጣችው 1303 የምትባለው ቮልስ ከነጭራሹ አትመችም፤ የፊት መስታወቷ የጎበጠ፥ አፍንጫዋም የተለየ ነው።

እንግዲህ ሥራው ሦስት ደረጃ እንዳለው ያያሉ፤ የሚፈታና የሚታሰር፥ የሚቆረጥና የሚበየድ፥ ጨርሶ የማይሞከር። ጥበበኛ ሰው ከመጀመሪያው ደረጃ ብዙ አይርቅም።

«እናቷ ማን ናት?»

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ያባቱን ካባ የለበሰ ልጅ ያምራል፤ ነገር ግን «እኔ አባቴ ነኝ» ብሎ ርስት ሊሸጥ ቢነሣ ወንጀል ይሆናል።

ይህን ለመረዳት የፎገራን የከብት ገበያ ማሰብ ይበቃል። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች፥ ቀንዷ አጠር ያለ፥ ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ የለመደች ናት፤ በብዛትም ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ናት። ሆልስታይን ፍሪዥያን የምትባለው የፈረንጅ ላምም ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ናት፤ ከእርሷ የተዳቀለችውም እንዲሁ። ታዲያ ዐዋቂ ገዢ ቆዳዋን አይቶ ብቻ ገንዘቡን አይቈጥርም። ሻኛዋን፥ ቀንዷንና አቋሟን ይመለከታል፤ ከሁሉ በላይ «እናቷ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ዲቃላዋ መጥፎ ናት ማለት አይደለም፤ ብዙ ወተት ልትሰጥ ትችላለች። የሚጎዳው ዲቃላን ፎገራ ብሎ መሸጥ ነው። የዘሩ ንጹሕነት እንዳይጠፋ በአንዳሳ የከብት ምርምር ማዕከል የፎገራ ከብት ለብቻው የሚረባውም ስለዚህ ነው።

የመኪናም ነገር ይኸው ነው። እናቷን የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሯና ሊብሬዋ ነው። በውጭ አገር ተራውን የ1970ዎቹ 911 የካሬራ አር ኤስን ጭራ አልብሰው፥ ስሙንም በጎኑ ጽፈው፥ እውነተኛ ነው ብለው ለመሸጥ የሞከሩ አታላዮች ነበሩ። ዐዋቂዎች በሻንሲና በሞተር ቁጥሩ ይይዟቸዋል፤ ያላወቀው ገዢ ግን የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ያፈስሳል። ቀደም ሲል በልብዎ ይያዙልን ያልንዎ ነገር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። መልኩን ለውጦ ቁጥሩን ያልነካ፥ የሠራውንም የተናገረ ሰው ጥበበኛ ነው፤ ቁጥሩን የነካ ግን ሌባ ነው።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን

ሁለተኛው ቁም ነገር ሕይወትን ይመለከታል። የ1974ቱ ፓራውልት መልክ ቢያበላሽም በከንቱ አልተሠራም፤ የግጭትን ኀይል እንዲቀበል ነው። እርሱን አንሥቶ ቀጭኑን የሚያደርግ ሰው ውበትን ሲያገኝ መከላከያን መስጠቱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ከወገብ ቀበቶው፥ ከፍሬኑ፥ ከመብራቱ ምንም አይቀንስ። ይህ ምክር ለቅጥቅጡም ይሠራል፤ ከሻንሲው በላይ የሚበየደው ብረት የሚሸከመው የሰው ነፍስ ነውና።

ሦስተኛው ቁም ነገር የማይመለስን ነገር ይመለከታል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የ1980ዎቹ 911 ተራ መኪና ስለ ነበረ፥ ባለቤቶቹ ያለ ርኅራኄ ቈረጡት። በኋላ ግን ያልተነካው የ1980ዎቹ መኪና ራሱ ተፈላጊ ሆነ፤ ዋጋውም ወጣ። ያን ጊዜ የተጣለውን ፓራውልት የሚፈልግ ሰው በዛ። ትላንት «ወፍራምና አስቀያሚ» የተባለው ዛሬ «የዘመኑ መልክ» ተብሎ ይወደዳል።

ይህ ለእኛ ከሌላው አገር ይልቅ ይጠነክራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አንዲት ቮልስ ባገራችን ብትበላሽ ሌላዋን ከውጭ አስመጥቶ መተካት እንደ ድሮው አይደለም። ያሉን ያሉት ናቸው። በመጋዝ የተቆረጠው ላሜራ የአንድ ሰው ንብረት ቢሆንም ከጋራ ቅርሳችን ላይ የተቆረጠ ነው።

አሮጌ መኪና ላለዎ፥ ወይም ሊገዙ ላሰቡ

አሮጌ መኪና ካለዎና መልኳን ወደ ኋላ ሊመልሱላት ካሰቡ፥ ከመዶሻው በፊት እነዚህን ነገሮች ያድርጉ።

በመጀመሪያ መኪናዋ የተሠራችበትን ዓመት ከሻንሲ ቁጥሯ አረጋግጠው ይወቁ፤ መለዋወጫ በየጊዜው የተለዋወጠባትን መኪና ዓመት መልኳን አይቶ መናገር አይቻልም። ሁለተኛ፥ የሚፈታውንና የሚቆረጠውን ለይተው ይጻፉ፤ የሚፈታውን ብቻ ሠርተው ልብዎ ከረካ እዚያው ያቁሙ። ሦስተኛ፥ ከመጀመሩ በፊት በአራቱም ማዕዘን ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የሥራውንም ደረሰኝ ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡ። አራተኛ፥ መኪናዋን የመዘገበውን መሥሪያ ቤት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለዓመቱ ቦሎ ምርመራ ስትቀርብ በመዝገብ ያለውና በዓይን የሚታየው ካልተስማማ የሚቸገሩት እርስዎ ነዎት።

ገዢ ከሆኑ ደግሞ አንድ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ። በገላዋ ላይ ቀስ አድርገው ሲያስጠጉት በደኅናው ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ ወይም ፋይበር ባለበት ግን ይወድቃል። ስቱኮ ጉድለትን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም። ቀለሙ ሲያብለጨልጭ አይታለሉ፤ ከወለሏ በታች ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። የሻንሲ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዙሪያው የተበየደ ከሆነ፥ የቱንም ያህል ብታምር ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

ከመኪናዋ ላይ ያወለቁትን ፓራውልት፥ ፓራፋንጎና ኮፈን ለቁራሊዮ አይስጡ። ዘይት ቀብተው፥ በጨርቅ ጠቅልለው፥ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ። መኪናዋ ከእርስዎ እጅ ወደ ልጅዎ፥ ከልጅዎም ወደ ሌላ ሰው መዛወሯ አይቀርም፤ ያ ሰው የተወለደችበትን መልክ ሊመልስላት ቢወድ ዕቃውን አጥቶ አይዘን። ልጁ ያባቱን ካባ ለብሶ በዓል ቢወጣ ደስ ይላል፤ የራሱ ጋቢ ግን በሣጥኑ ተጣጥፎ ይቆየው።